«ጎበዝ!» ሲባል ውይይቱ አለቀ

ዛሬ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ላይ መምህሩ «የሚፈላ ውሃ አረፋ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወዲያው ሁለት እጅ ወጣ።
«አየር።»
«አይደለም። አንተስ?»
«እንፋሎት።»
«ጎበዝ!»
የቀሩት ተማሪዎች ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ።

«አየር» ያለችው ልጅ ግን ዝም ብላ አልገመተችም። ውሃው ገና ሲሞቅ የድስቱ ጎን ላይ የሚለጠፉት ጥቃቅን አረፋዎች በእርግጥም ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ናቸው። «ምን አይተሽ ነው?» ቢላት ክፍሉ በሙሉ ይሟገት ነበር።

ተመራማሪዋ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየችው፣ ብዙ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ነው። 3 ሰከንድ ሲጠብቁ መልሱ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉትም ይናገራሉ። ከመልሱ በኋላም መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ይቺኛዋን ነው ሁሉም የሚረሳት። «ጎበዝ» ቶሎ ከመጣ ሌላው እጁን ያወርዳል። በሱ ፈንታ «ማን ይጨምርበታል? ማን አይስማማም?» ማለት ይሻላል።

«አዎ» ወይም «አይደለም» ለሚባል ጥያቄ ግን ጥበቃው ከንቱ ነው። ክፍሉ ብዙ ተማሪ ካለው ደግሞ መጀመሪያ 1 ደቂቃ ለብቻ ይጻፉ፣ 2 ደቂቃ ከጎናቸው ካለው ጋር ያውሩ፣ ከዚያ እጅ ያላወጣውንም መጥራት ይቻላል።