እርዱ ድስት ውስጥ አለ፤ አንጎል ጋ ይደርሳል ወይ?

ሰላም ጓደኞች፣ ለአንጎል ይጠቅማሉ ስለሚባሉት የእጽዋት ንጥረ ነገሮች ማንበቤን ቀጥያለሁ። በፊት የማየው የትኛው ምግብ ውስጥ ምን እንዳለ ነበር፤ አሁን ከበላነው ስንቱ ደም ውስጥ ይገባል የሚለው ይበልጥብኛል።

ይህን ያስተማረኝ እርድ ነው። ቢጫ ያደረገው ኩርኩሚን በላብራቶሪ ብግነትን (የሰውነት መቆጣትን) ሲቀንስ ታይቷል። ግን ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ አንጀት የሚያሳልፈው ጥቂት ሲሆን ያንንም ጉበት ቶሎ ይለውጠዋል። በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣ የህንድ ጥናት ለጤነኛ ሰዎች 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊ ግራም ፒፐሪን ጋር ሲሰጥ ወደ ደም የገባው ኩርኩሚን ብቻውን ከተሰጠበት 20 እጥፍ ሆነ። ፒፐሪን ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ነው። ስለዚህ አልጫ ስሠራ እርዱን ከሽንኩርቱ ጋር በዘይት አቁላላና ቁንዶ በርበሬ ጣል አደርግበታለሁ። ጅማ ሂርማታ ገበያ ጥምዝ ካገኘሁ ደግሞ እሱን፤ የቁንዶ በርበሬ ዘመድ ነው፣ መዓዛውን እኔ አስበልጠዋለሁ። ያም ሆኖ የእርድ ዱቄት ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ነው ኩርኩሚን፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ከጥናቱ መጠን በጣም ያንሳል። ወጤን መድኃኒት ነው አልልም።

ጎመንን በተመለከተ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የቺካጎ ጥናት 960 አረጋውያንን ተከታትሎ ቅጠላ ቅጠል በየቀኑ የሚበሉት የማስታወስ ችሎታቸው በዝግታ እንደሚቀንስ አይቷል። ጎመን የሚያዘወትር ሰው ሌላም ጥሩ ልማድ ሊኖረው ስለሚችል ምክንያቱ ጎመኑ ነው ማለት አይቻልም። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ቅጠላ ቅጠልን የሚያስቀድም አመጋገብ ለ3 ዓመት የተሞከረበት ጥናትም ከማነጻጸሪያው ቡድን ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ቢሆንም ጎመን ውስጥ ያለው ሉቲን የሚባል ንጥረ ነገር በስብ ስለሚሟሟ ጎመኔን ያለ ዘይት አልሠራም።

ጅማ ተቀምጦ ቡናን መዝለል አይሆንም። ካፌይኑ መቆላቱን ይቋቋማል፤ ክሎሮጄኒክ አሲድ የሚባለው ሌላው የቡና ንጥረ ነገር ግን ቡናው እየጠቆረ በሄደ ቁጥር ይቀንሳል። እኔ ቀላ እንዳለ ማውጣት ጀምሬአለሁ። ከዚህ ይልቅ ለቤተሰቤ የነገርኩት ስለ አይረን ነው፣ አንጎልም ያስፈልገዋልና። በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣም ሆነ ከ1 ሰዓት በኋላ የአይረን መመጠጥን በእኩል ቀነሰ፤ ከምግቡ 1 ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን አልቀነሰም። እኛ ቤት ቡናው የሚፈላው ከምሳ በኋላ ነበር፤ አሁን ረፋድ ላይ አድርገነዋል።

ቀጥሎ ተልባን አነባለሁ። ሳትቆሉት ፈጭታችሁ የምትጠቀሙ ካላችሁ አዘገጃጀታችሁን ንገሩኝ።