በፓርቲ ጉባኤ ፖሊሲ የሚወሰነው እጅ ከመውጣቱ በፊት ነው

የፓርቲ ጉባኤ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው አንድ ዓይነት ነው። ረቂቁ ከመድረክ ይነበባል። «ጥያቄ ወይም አስተያየት ያለው?» ይባላል፤ አምስት ስድስት ሰው ይናገራል፤ መድረኩም «አስተያየቱ እንደ ግብዓት ተወስዷል» ይላል። ከዚያ «የምትደግፉ?»፣ «የምትቃወሙ?»፣ «ድምፀ ተአቅቦ?»። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፣ ጭብጨባ፣ የአቋም መግለጫ፣ ምሳ።

አባላቱ ድምፅ አልሰጡም ማለት አይቻልም። የወሰኑት ነገር ግን የለም። ሰነዱ 40 ገጽ ነው እንበል፤ ጉባኤተኛውን የሚያከራክረው አንድ አንቀጽ ነው። ያለው አማራጭ 40ውን ገጽ መቀበል ወይም 40ውን ገጽ መጣል ከሆነ፣ ፓርቲው እንዲፈርስ የማይፈልግ ሰው ሁሉ እጁን ማውጣቱ አይቀርም። አባላት በፖሊሲ ላይ ሥልጣን አላቸው የሚባለው ጽሑፉን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር መለወጥ ሲችሉ ነው። ለዚህ ደግሞ የመሪዎች በጎ ፈቃድ አይበቃም፤ አሰልቺ የሚመስል ሥነ ሥርዓት ያስፈልጋል።

ይህን ሥነ ሥርዓት ቁልጭ አድርጎ ለማየት የብሪታንያ ሊብራል ዴሞክራቶች ይመቻሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ በመጋቢት አካባቢ ለአንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በመስከረም አካባቢ ደግሞ ለተወሰኑ ቀናት። ድምፅ የሚሰጡት ድሮ የየአካባቢው ፓርቲ የመረጣቸው ወኪሎች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደንቡ ተለውጦ ተመዝግቦ የመጣ አባል ሁሉ ይሰጣል። (ሲባል ያምራል፤ የባቡርና የሆቴል ገንዘብ ያለው፣ ከሥራ ፈቃድ ያገኘ አባል ሁሉ ማለት ነው። የወኪል ሥርዓት ቢያንስ ከሩቅ ያለውን ቅርንጫፍ አይረሳም ነበር።)

ፖሊሲ ወደ አዳራሹ የሚገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው ረጅሙ ነው። የፖሊሲ ኮሚቴው በአንድ ጉዳይ ላይ የሥራ ቡድን ያቋቁማል፤ ቡድኑ ጥያቄዎችን የያዘ የመወያያ ወረቀት ያወጣል፤ በአንዱ ጉባኤ ላይ ያለ ድምፅ ውይይት ይደረግበታል፤ በሚቀጥለው ወይም ከዚያ በኋላ ባለው ጉባኤ ሙሉው የፖሊሲ ወረቀት ከአጭር የውሳኔ ሐሳብ ጋር ይቀርባል። ድምፅ የሚሰጠው በአጭሩ የውሳኔ ሐሳብ ላይ ነው። ይህን ያልተረዳ ጉባኤተኛ 30 ገጽ አንብቦ ይመጣና ሊያሻሽለው የሚችለው ሁለቷን ገጽ ብቻ መሆኑን አዳራሽ ውስጥ ይደርስበታል።

ሁለተኛው በር የአካባቢ ፓርቲዎች፣ ተባባሪ ማኅበራት ወይም ፊርማ ያሰባሰቡ አባላት በቀጥታ የሚያቀርቡት የውሳኔ ሐሳብ ነው። የጽሑፉ ቅርፅ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ጉባኤው የተገነዘበው፣ ቀጥሎ የሚያምንበት፣ መጨረሻ ላይ እንዲደረግ የሚጠይቀው። ፖሊሲ የሚባለው የመጨረሻው ክፍል ነው። ጀማሪዎች ሦስት አራተኛውን ገጽ በችግር ትንተና ሞልተው «መንግሥት ትኩረት እንዲሰጥ እንጠይቃለን» ብለው ይዘጋሉ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቢጸድቅ ማንንም ወደ ምንም አይገፋም፤ አጀንዳ የሚመርጠው ኮሚቴም ይህን ስለሚያውቅ ይጥለዋል። ማን፣ ምን፣ በስንት ገንዘብ፣ እስከ መቼ የሚለው እዚያው መጻፍ አለበት።

የጉባኤ ኮሚቴው ከቀረቡት ውስጥ መርጦ አጀንዳ ያደርጋል፤ አብዛኛው ቦታ አያገኝም። እውነተኛው ወንፊት ይህ ነው፤ አዳራሹ ያላየው ሐሳብ ድምፅም አያገኝም። ስለዚህ ጠንካራ ቡድኖች ጽሑፋቸውን ከማስገባታቸው በፊት በማርቀቅ ለሚያግዙ አማካሪዎች ያሳያሉ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ካላቸው ቅርንጫፎች ጋር አንድ ጽሑፍ ላይ ይስማማሉ።

አጀንዳው ሲታተም እያንዳንዱ መስመር ቁጥር አለው። ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ሁሉም ነገር የሚቆመው ግን በዚህ ላይ ነው። ማሻሻያ የሚቀርበው «መንፈሱ ትንሽ ቢለዝብ» ተብሎ አይደለም። «መስመር 12 ላይ ከ‹እስከ› ጀምሮ እስከ መስመር 14 መጨረሻ ይሰረዝ፤ በምትኩ የሚከተለው ይግባ» ተብሎ ነው። ማሻሻያ ማስገቢያው ቀን የሚዘጋው ጉባኤው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ተነሥቶ በቃል ማሻሻል የለም። ጥብቅ ሊመስል ይችላል። ዓላማው ሁሉም ሰው ድምፅ የሚሰጥበትን ቃል በወረቀት እንዲያይ ነው። በቃል የሚሻሻል ረቂቅ መጨረሻው የሚታወቀው ቃለ ጉባኤው ሲጻፍ ነው፤ ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ ነው።

ክርክሩ ራሱ አጭር ነው። አቅራቢው ይናገራል፣ የማሻሻያ አቅራቢዎች ይከተላሉ፣ ከዚያ ደጋፊና ተቃዋሚ እየተፈራረቁ፣ መጨረሻ ላይ የማሻሻያዎቹና የዋናው ሐሳብ ማጠቃለያ። ለመናገር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ፎርም ይሞላል፤ የሚደግፈውንና የሚቃወመውን፣ ምን ነጥብ እንደሚያነሳም ይጽፋል። ሰብሳቢው ከዚያ ላይ ይመርጣል። ተራ ተናጋሪ ብዙውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው ያለው። መናገሪያው ላይ መብራት አለ፤ ሲጀምር አረንጓዴ፣ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ቢጫ፣ ሲያልቅ ቀይ። ቀዩ ሲበራ ወዲያው መውረድ ነው፤ ማዕረግም አያድንም። «እንደ መግቢያ» እያሉ አሥር ደቂቃ መውሰድ በለመዱ ስብሰባዎቻችን ይህች መብራት ብቻ ብትገባ ስንት ነገር ይቃለል ነበር!

አሁን ወደ ዋናው መሣሪያ እንምጣ፤ የተናጠል ድምፅ። አንድ አባል ጠቅላላውን ሐሳብ እየደገፈ፣ አንድን መስመር ብቻ ለይታችሁ ድምፅ ስጡበት ብሎ መጠየቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2012 በጌትስሄድ የሆነው ይህ ነው። ፓርቲው ያኔ ከወግ አጥባቂዎች ጋር በጥምር መንግሥት ውስጥ ነበር፤ በፓርላማ ያለው የጤና አገልግሎት ረቂቅ ሕግ አባላቱን ክፉኛ ከፍሏቸዋል። ረቂቅ ሕጉ ይጣል የሚል አንድ አስቸኳይ ሐሳብ ቀረበ፤ የተገኙትን ማሻሻያዎች እያመሰገነ ሕጉን የሚደግፍ ሌላ ሐሳብም በፓርቲው አንጋፋ ፖለቲከኛ በሸርሊ ዊልያምስ ስም ቀረበ። አባላቱ የትኛው ይከራከርበት ተብለው ሲጠየቁ የኋለኛው አሸነፈ። ለአመራሩ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር።

አላለቀም። በክርክሩ ላይ ተቃዋሚዎቹ ሐሳቡን ለመጣል አልሞከሩም፤ ቢሞክሩ የተከበረችን አንጋፋ ለማሳፈር የመጡ ይመስሉ ነበር። የጠየቁት ፓርቲው በላይኛው ምክር ቤት ያሉት አባላቱ ሕጉን እንዲደግፉ የሚጠራው ቃል ተነጥሎ ድምፅ እንዲሰጥበት ነው። በ314 ለ270 ቃሉ ወጣ። የቀረው ጽሑፍ ጸደቀ፤ ሕጉን ደግፉ የሚል ግን በውስጡ አልነበረም። በማግስቱ ጋዜጦች የጻፉት ሐሳቡ መጽደቁን ሳይሆን ያቺ ቃል መውደቋን ነው።

የዚህን ውጤት ማጋነን አይገባም። ሕጉ በዚያው ወር ጸድቋል። የጉባኤ ውሳኔ የፓርቲ ፖሊሲ ነው፤ የፓርላማ አባልን እጅ ግን ይዞ አያስፈርምም። ሊያደርግ የሚችለው አመራሩ «አባላቶቼ ከእኔ ጋር ናቸው» ብሎ እንዳይናገር መከልከል ነው።

እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 በቦርንመዝ የታየው ደግሞ በማሻሻያ የተገኘ ነው። አመራሩ ባቀረበው የቤቶች ፖሊሲ በዓመት 380,000 ቤት የሚለው አገር አቀፍ ግብ ወጥቶ፣ በዓመት 150,000 ማኅበራዊ ቤት (በዝቅተኛ ኪራይ የሚከራይ ቤት) የሚለው ላይ ትኩረት ተደርጎ ነበር። የፓርቲው ወጣቶች 380,000ውን የሚመልስ ማሻሻያ አስገቡ፤ አመራሩ ተቃወመ፤ አዳራሹ ለወጣቶቹ ድምፅ ሰጠ። ልብ በሉ፤ ወጣቶቹ የአመራሩን ወረቀት ውድቅ አላደረጉም፤ ማኅበራዊ ቤቱም እዚያው ቀረ። ሙሉውን ተቀበሉ ወይም ጣሉ ቢባሉ ኖሮ ማኅበራዊ ቤትን ተቃወሙ ይባሉ ነበር።

ማሻሻያዎች ሲበዙስ? የጀርመን አረንጓዴዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ለምርጫ ፕሮግራማቸው ከ3,000 በላይ ማሻሻያ ቀርቦላቸው ነበር። ይህን ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ማንሣት አይቻልም፤ ስለዚህ ኮሚቴ ከአቅራቢዎቹ ጋር አስቀድሞ እየተደራደረ ቃሉን አለዝቦ ወደ ረቂቁ ያስገባዋል፤ ለድምፅ የሚቀርቡት ያልተስማሙት ጥቂቶቹ ናቸው። ሥራውን ያቀላል። ችግሩ ድርድሩ ላይ ያልነበረው ተራ ጉባኤተኛ ምን በምን እንደተለወጠ አያውቅም።

በብሪታንያው ሌበር ፓርቲ ይህ ድርድር የራሱ ስብሰባ አለው፤ በአንድ ርዕስ የመጡ ሐሳቦችን ሁሉ ወደ አንድ ጽሑፍ የሚያዋህድ። እ.ኤ.አ. በ2018 በሊቨርፑል በብሬግዚት (ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት በመውጣቷ ጉዳይ) ላይ ከ150 በላይ የውሳኔ ሐሳብ መጣ፤ አቅራቢዎቹ ከአምስት ሰዓት በላይ በዝግ ተቀምጠው ሌሊት ላይ አንድ ጽሑፍ ይዘው ወጡ። ከሕዝበ ውሳኔ ጋር የተያያዘው ዐረፍተ ነገር «ሁሉም አማራጮች ክፍት ይሁኑ» ወደሚል ዓይነት ቃል ተጠመዘዘ። ሁሉም ድምፁን ሰጠ፤ በማግስቱ ሁሉም ለየራሱ ተረጎመው። ከዚህ የከፋ ውሳኔ የለም፤ ክርክሩን ሳይፈታ ክርክሩ አልቋል ያሰኛል።

በሚቀጥለው ዓመት በብራይተን የተበላሸው ቆጠራው ነው። የብሬግዚት ሐሳብ በእጅ ማውጣት ድምፅ ተሰጠበት፤ ሰብሳቢዋ አለፈ ወደማለት አመሩ፣ ከጎናቸው ካሉት ጋር ተነጋገሩ፣ ወደቀ አሉ። በካርድ ይቆጠር የሚል ጩኸት ተነሣ፤ አልተቆጠረም። በሌበር የካርድ ድምፅ ከእጅ የሚለየው በመቁጠር ብቻ አይደለም፤ ግማሹ ክብደት የአካባቢ ፓርቲዎች፣ ግማሹ የሠራተኛ ማኅበራትና ተባባሪዎች ነው። አዳራሹ ውስጥ የሚታየው የእጅ ብዛትና የካርዱ ውጤት ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ማን መቁጠር ሊያስገድድ ይችላል የሚለው ጥያቄ ውጤቱን ሊወስን ይችላል። ደንቡ «ሰብሳቢው ካመነበት» የሚል ከሆነ አልጠቀመም፤ ይህን ያህል ሰው ከጠየቀ የግድ ይቆጠራል ማለት አለበት፤ ቆጣሪዎችም አስቀድመው በየረድፉ መመደብ አለባቸው።

የክብደት ነገር ለእኛም አዲስ አይደለም። የኢሕአዴግ ምክር ቤት 180 መቀመጫ ነበረው፤ ለአራቱ ድርጅቶች 45፣ 45። የሚወክሉት ሕዝብም የአባላቸውም ቁጥር እኩል አልነበረም፤ ድምፃቸው ግን እኩል ነበር። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ሊቀመንበር ሲመረጥ ዐቢይ አሕመድ 108፣ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ደብረጽዮን ገብረሚካኤል 2 ድምፅ ሲያገኙ፣ ከየትም ድርጅት 45 ብቻውን የትም እንደማያደርስ በግልጽ ታይቷል። በፖሊሲ ላይ ግን እንዲህ ቁጥር ሲነገር አልሰማንም። ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የሚባለው አሠራር ክርክሩን ለዝግ ስብሰባ፣ አንድነቱን ለአደባባይ ስለሚሰጥ፣ ስንቱ ተቃውሞ እንደነበር ተራው አባል የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም።

ዛሬ የፓርቲ መተዳደሪያ ደንብ የሚያረቅቅ ሰው ካለ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት አራት ቦታዎች እነዚህ ናቸው። ረቂቁ ለአባላት የሚደርስበት ቀን፣ ማሻሻያ ከሚዘጋበት ቀን በቂ ርቀት ይኑረው፤ ሦስት ቀን ቀድሞ የደረሰ 40 ገጽ ማንም አያሻሽልም። የተናጠል ድምፅ የመጠየቅ መብት በስም ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ሰብሳቢው «ይህ በአሠራራችን የለም» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ሐሳቡን ለተጨማሪ ሥራ ወደ ኮሚቴ የመመለስ አማራጭም ይኑር፤ ግን መቼ ተመልሶ እንደሚቀርብ ቀን ካልተቆረጠለት በጨዋ ቋንቋ መቅበር ነው። ሥነ ሥርዓቱን ማገድ ሲያስፈልግ ሊብራል ዴሞክራቶች እንደሚያደርጉት ሁለት ሦስተኛ ይጠየቅ፤ በተራ አብላጫ ከሆነ መድረኩ ሲጠብበው ያነሣዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ የጸደቀው ጽሑፍ ነው። ማሻሻያዎቹ ገብተው፣ የወጡት መስመሮች ወጥተው፣ ቁጥሩ ተስተካክሎ የሚወጣውን ቅጂ ማን ያዘጋጃል፣ በስንት ቀን ለአባላት ይደርሳል፣ ስህተት ያየ አባል ለማን ያመለክታል? አንዲት «እና» «ወይም» ሆና የወጣችበትን ገጽ ከአጀንዳው ወረቀት ጋር አስተያይቶ የሚፈትሽ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ የሆነ ሰው በጉባኤው ራሱ ይመረጥ።