ሁለቱ አራት ለሁለቶች

እንግሊዝ አገር መኖር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ማንቸስተር ግን ሄጄ አላውቅም ነበር። የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፤ የከተማዋ ስም ሲነሳ ትዝ የሚለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2004፣ የማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ። 49 ጨዋታ ሳንሸነፍ ቆይተን 2 ለ 0 የተሸነፍንበት ቀን። ጨዋታውን ያየሁት አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቤ ነው። እስከ ቤቴ ድረስ ማንንም ሳላናግር ነው የሄድኩት።

ማንቸስተር የወሰደችኝ ልጄ ናት። አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ለትምህርት ቤቷ ቡድን በግራ መስመር ትጫወታለች። ነሐሴ ላይ ትምህርት ተዘግቶ ሳለ "አባዬ፣ የኳስ ሙዚየም አለ አሉ፣ ውሰደኝ" አለችኝ። የእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም ማለቷ ነው። የኳሱ ታላላቅ ሰዎች ስም የሚገባበት የእንግሊዝ እግር ኳስ የዝና አዳራሽም የዚሁ ሙዚየም ነው።

ዕቅዴ ጠዋት ሙዚየሙን፣ ከሰዓት ደግሞ ስታዲየም መጎብኘት ነበር። ለሁለቱም ትኬት ቆረጥኩ። ከለንደን የተሳፈርንበት አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሸና ሁለት ሰዓት ቆምን። የስታዲየሙ ገንዘብ ቀለጠ። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሁለቱን በአንድ ቀን ማሰቤ ራሱ ስህተት ነው። ሙዚየሙ ብቻውን ቀን ይፈጃል። የምትሄዱ ካላችሁ ቀኑን ሙሉ ለእሱ ስጡት። የማንቸስተር ከተማ ነዋሪ በነፃ ይገባል፤ ሌላው ይከፍላል።

ሕንፃው ከቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ ጥቂት እርምጃ ነው። ኡርቢስ ይባላል፣ መስታወት ለብሶ ጣሪያው ወደ አንድ ወገን ያዘቀዘቀ። ሙዚየሙ መጀመሪያ የነበረው ፕሬስተን ከተማ ነው፤ እዚህ የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው (የሙዚየሙ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

ገና እንደገባን ሩጫ ጀመርኩ። የእኛን የአርሰናል ሰዎች ፍለጋ ነው። ቤርካምፕ፣ ቬንገር፣ ኢያን ራይት፣ ቶኒ አዳምስ። ልጅነቴን ሙሉ ስማቸውን ስጠራ የኖርኩ ሰዎች ናቸው፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ግን የማውቀውን ስም እያሳደድኩ የማላውቀውን ሁሉ አልፌ ሄጃለሁ። ዞር ስል ልጄ የለችም። እሷ ገና መጀመሪያው ላይ ቆማ እያነበበች ነው።

"አባዬ፣ አርተር ዋርተን ማነው?"

አላውቀውም ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ኳስ የተከታተልኩ ሰው አላውቀውም። ተመልሼ አብሬያት አነበብኩ።

ዋርተን በ1865 አክራ፣ የዛሬዋ ጋና ውስጥ ነው የተወለደው። በረኛ ነበር። በዓለም የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ተጫዋች ተብሎ ይታወቃል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሩጫው ነው። በ1886 የእንግሊዝን የ100 ያርድ ውድድር በ10 ሰከንድ አሸንፏል። ሯጭና በረኛ! ከኳስ ከወጣ በኋላ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ሠራ። በ1930 ደህይቶ ሞተ፤ መቃብሩ ላይ ስሙ እንኳ አልተጻፈም። የመቃብር ድንጋይ የቆመለት በ1997 ነው። ዝና አዳራሹ የገባው ደግሞ በ2003።

ልጄ በጣቷ ቆጠረች። "ስልሳ ሰባት ዓመት ስም የሌለው መቃብር ውስጥ?" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? እጇን ያዝ አድርጌ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ መሪዋ እሷ ሆነች። እኔ ተከታይ። ከልጅ ጋር ከሄዳችሁ እንዲህ አድርጉ፤ ልጅ አያልፍም፣ ይጠይቃል።

ሊሊ ፓር ጋ ስንደርስ ብዙ ቆየን። ሐውልቷ በ2019 ነው የተመረቀው፤ በብሪታንያ ለሴት እግር ኳስ ተጫዋች የቆመ የመጀመሪያው ሐውልት ነው። ዝና አዳራሹ በ2002 ሲመሠረት ከገቡት መካከልም ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች። ሊሊ የግራ መስመር ተጫዋች ናት። ልጄ ይኼን ስታነብ ዓይኗ እንዴት እንደበራ! ሐውልቱ አጠገብ ተጠግታ በእጇ ቁመቷን ለካች። ከዚያ የግራ እግሯን ልክ እንደ ሐውልቱ ለማድረግ ሞከረች።

የሊሊ ቡድን ዲክ ከር ሌዲስ ይባላል። ፕሬስተን ውስጥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጥይት ያመርት የነበረ ፋብሪካ ሠራተኞች ያቋቋሙት ነው። በ1920፣ በፈረንጆች ገና ማግስት፣ ሊቨርፑል ውስጥ ጉዲሰን ፓርክ ላይ ሲጫወቱ 53,000 ሰው ገባ። ብዙ ሺህ ሰው ደግሞ ቦታ አጥቶ ከውጭ ቀረ። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 1921፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴት አይሆንም ብሎ በአባል ክለቦቹ ሜዳ ላይ እንዳይጫወቱ ከለከላቸው። ክልከላው ወደ ሃምሳ ዓመት ቆየ። እነሱ ግን አላቆሙም፤ ሌላ ሜዳ ፈልገው ተጫወቱ። ሊሊ ገና በአስራዎቹ ዕድሜ ጀምራ ለሠላሳ ዓመት ያህል ተጫውታለች።

ይኼን ሁሉ እያነበብኩ እኔም ያደግኩበት ሰፈር ትዝ አለኝ። ኳስ የምትወድ አንዲት ጎረቤት ነበረችን። ቡድን ስንከፋፍል ማንም አይመርጣትም። ኳስ ስታመልጠን ሮጣ የምታመጣልን እሷ ናት። እኔም መርጫት አላውቅም። ለልጄ ነገርኳት። ተቆጣችኝ፤ ልክ ናት።

ከዚያ ኳሱ ጋ ደረስን።

መስታወት ውስጥ ነው ያለው። ብርቱካንማ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ቆዳው አርጅቷል። የ1966 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ኳስ። እንግሊዝ ምዕራብ ጀርመንን ዌምብሌይ ላይ የረታችበት። ጄፍ ኸርስት ሐትሪክ ሠርቷል፣ ሦስት ጎል አግብቷል ማለት ነው፤ በእንግሊዝ ልማድ ሐትሪክ የሠራ ኳሱን ስለሚወስድ ኳሱ የእሱ ነበር። ግን የጀርመኑ ሄልሙት ሃለር ይዞት አገሩ ገባ። ኳሱ የተመለሰው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1996 ነው።

መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በጭማሪው ሰዓት ሁለት ጎል ገባ። 4 ለ 2።

መስታወቱ ፊት ቆሜ ይኼን ውጤት የት ነው የማውቀው አልኩ። ከዚያ ደረቴ ላይ አንድ ነገር መታኝ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962)፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። ከግብፅ ጋር መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ። 4 ለ 2። ዌምብሌይ ላይ ያ ከመሆኑ ከአራት ዓመት በፊት ማለት ነው። የእኛ የመጀመሪያም የመጨረሻም የአፍሪካ ዋንጫ።

አባቴ እዚያ ነበሩ። የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ። ይኼን አውቃለሁ፤ ቤታችን በዓመት በዓል ሁሉ ይነሳል። ግን አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አስጨርሻቸው አላውቅም። "አባባ፣ ሰምተነዋል እኮ" እያልኩ ነው ያደግኩት።

እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ደወልንላቸው። የስልኬ ባትሪ ለፎቶ አልቆ አስር በመቶ ብቻ ቀርቶ ነበር። ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ያዙ፤ ይኼን ከልቤ ነው የምለው። ሰላምታው እንዳለቀ ልጄ ስልኩን ቀማችኝ።

"አባባ፣ እናንተ ያሸነፋችሁበት ኳስ አሁን የት ነው ያለው?"

አባቴ ትንሽ ዝም አሉ። "ኳሱን እንጃ የኔ ልጅ" አሏት። "ጎሎቹን ግን አንድ በአንድ እነግርሻለሁ።" ስልኩ ጠፋ።

የዚያን ዕለት ማታ ለንደን ስንገባ መሽቶ ነበር። በነጋታው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወልን። አሁን ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክቼ፣ መቅጃውን ከፍቼ ነው። 47 ደቂቃ አወሩ። ጨዋታው የዋለው በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ እሑድ ነው። ለጥምቀት የተገዛላቸውን አዲስ ቁምጣ እንደለበሱ ከካዛንቺስ በእግራቸው ወርደው አጥር ሲዘሉ ቀደዱት። እናታቸውን ፈርተው ጨዋታውን ሁሉ ቁምጣቸውን ከኋላ በእጃቸው ጨብጠው አዩት። ግብፅ አገባች፤ የእኛ ልጆች አቻ አደረጉ። ወዲያው ግብፅ ደገመች። ስታዲየሙ ቤተ ክርስቲያን መሰለ አሉ። ኢታሎ ሁለት እኩል ሲያደርጋት አጠገባቸው የነበሩ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ወረወሩ። መንግሥቱ አራተኛዋን ሲያገባ ቁምጣቸውን ረሱት፤ ሁለት እጃቸውን አነሱ። ከዚያ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል አዩ።

"ቤት ስትገባስ አባባ? ተመታህ?" አለች ልጄ።

"እናቴ ምን እንደሆንን ጠየቀችኝ። አሸነፍን አልኳት። መርፌና ክር አምጣ አለችኝ።"

ቅጂውን ለወንድሞቼና ለእህቴ ላክሁላቸው። ትናንት አባቴ ራሳቸው ደወሉ። ጋቢ የወረወሩትን ሽማግሌ ቤት አስታውሰዋል። "ልጅህን አገናኘኝ" አሉኝ፤ "ለእሷ ነው የምነግራት።"