«ገረድ» የሚለውን ቃል 137 ጊዜ ጻፍኩ

የፈረንጅ ድራማ በአማርኛ ተርጉሞ፣ ከሥር ጽሑፍ አስገብቶ ለወላጆቹ ሊያሳይ ያሰበ ሰው ካለ መጀመሪያ ይቺን ያንብብ። ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። አራት ወር ፈጀብኝ። ከአራቱ አንዱ በከንቱ የሄደ ነው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ድራማው «ባክስቴርስ አት ዘ ዋይት ሃውስ» ይባላል። የዋይት ሃውስ የጓዳ ደረጃ እንደ ማለት ነው። ኤንቢሲ በ1979 በአራት ክፍል ያሳየው፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት የሚሆን ሥራ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ታሪኩ የእናትና የልጅ ነው። እናትየው ማጊ ሮጀርስ በ1909፣ በፕሬዚዳንት ታፍት ጊዜ፣ ዋይት ሃውስ ተቀጥረው 30 ዓመት አገለገሉ። ልጃቸው ሊሊያን በልጅነታቸው ፖሊዮ ይዟቸው በክራንች ነው የሚሄዱት። እሳቸውም እዚያው ልብስ ሰፊ ሆነው እስከ አይዘንሃወር ዘመን መጨረሻ ቆዩ። በሁለቱ መሀል ስምንት ፕሬዚዳንት አለፈ። ሊሊያን ያዩትን በ1961 በመጽሐፍ አወጡት። መጽሐፉ ስለወጣ ኬኔዲዎቹ ሠራተኞቻቸውን «ያየሁትን አልጽፍም» ብለው እንዲፈርሙ አደረጉ። ድራማው የተሠራው ከዚያ መጽሐፍ ነው።

እማዬ እንዴት ከዚህ ድራማ ጋር ተገናኘች? በኩንታ ኪንቴ። አንድ ቀን ስልኬ ላይ አንድ ቁራጭ እያየሁ ከትከሻዬ በላይ አጮልቃ «ይቺ የኩንታ ኪንቴ ልጅ አይደለችም?» አለችኝ። ናት። የኩንታ ኪንቴን ታሪክ በሚያሳየው «ሩትስ» ድራማ ላይ ልጁን ኪዚን የሠራችው ሌስሊ አጋምስ እዚህ ሊሊያንን ሆና ትሠራለች። ማጊን የምትሠራው ኦሊቪያ ኮልም፣ ፊድለርን የሠራው ሉዊስ ጎሴትም አሉበት። እማዬ እንደ ዘመድ ነው የተቀበለቻቸው። «ምን ይላሉ?» አለች። እኔም ልተርጉምልሽ አልኩ። አፍ ሲያመልጥ እንዲህ ነው።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ዲቪዲውን ገዛሁ፣ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩ፣ ንግግሩን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም ተጠቀምኩ፣ ስህተቱን በጆሮዬ አረምኩ። ትርጉሙን «ሰብታይትል ኤዲት» በሚባል ነፃ ፕሮግራም ላይ ጻፍኩ። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 (የእኛንም ፊደል በሚያውቀው የጽሑፍ ማስቀመጫ ዓይነት) አስቀምጡ። ይኼን ካልሰማችሁ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆንባችኋል።

ሌላው ጣጣ ቲቪው ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ጽሑፍ ሳሎን ስወስደው ሳጥን ሳጥን ሆነ። ቲቪዬ ፊደላችንን ጭራሽ አያውቀውም። ስለዚህ ጽሑፉን ከምሥሉ ጋር አንድ ላይ «ማቃጠል» አለባችሁ፤ እኔ ሃንድብሬክ በሚባል የቪዲዮ ፕሮግራም ነው ያደረግኩት። ባለሙያዎቹ ጽሑፉ ለብቻው ይሁን፣ እንዲበራና እንዲጠፋ ይላሉ። እነሱ እናታቸው ሳጥን ስታነብ አላዩም።

አሁን ወደ ጉዱ።

የትርጉም ጽሑፍ መመሪያዎች አንድ የሚወዱት ነገር አለ፤ አሳጥር ይላሉ። በአንድ መስመር ከ42 ሆሄ አይለፍ፣ በሰከንድ ከ17 አይበልጥ። ይሄ ለላቲን ፊደል የወጣ ሕግ ነው። የእኛ አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ነው የሚመጣው፤ 42 ፊደል በአማርኛ ከቲቪው ጠርዝ እስከ ጠርዝ ነው። እኔ ከ26 እንዳያልፍ ወሰንኩ። ስለዚህ የማሳጠር አባዜ ያዘኝ። ረጅም ቃል ሳይ እቆርጣለሁ።

በዚህ ድራማ ውስጥ ደግሞ በየደቂቃው የሚመላለስ አንድ ቃል አለ። መጀመሪያ «የቤት ሠራተኛ» ብዬ ነበር። ሰባት ፊደል፣ ክፍተቱን ሳይጨምር። በኋላ «ገረድ» አልኩት። ሦስት ፊደል! ዘመኑንም ይመስላል ብዬ ለራሴ አጨበጨብኩ። ፈልግና ተካ የሚለውን ተጭኜ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ቀየርኩት። ፕሮግራሙ 137 ቦታ ተተክቷል ብሎ ነገረኝ። ቁጥሩን ሳየው ደስ አለኝ፤ እሱን ነው የማልረሳው።

የመጀመሪያውን ክፍል ቅዳሜ ማታ አሳየኋት። ፈንዲሻ ይዛ ተቀመጠች። ሃያ ደቂቃ ያህል አየች። ከዚያ ተነስታ ማድ ቤት ገባች። ዕቃ ማጠብ ጀመረች። የታጠበ ዕቃ ነው የምታጥበው፤ እኔ ራሴ ነበርኩ ያጠብኩት። «እማዬ፣ ላቁመው?» ስላት «አይ፣ ተወው ይሂድ» አለች።

ምን አሰብኩ? አልደረሰችበትም አልኩ። እማዬ ማንበብ የቻለችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ነው፤ አሜሪካ ይህን ድራማ ባየችበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። ትልቅ ሰው ሆና ነው ፊደል የቆጠረች። ስለዚህ ጽሑፉ ፈጥኖባታል፣ ሌላ ምን ይሆናል?

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ እየተቀመጥኩ እያንዳንዱን መስመር አዘገየሁ። የፊደሉን መጠን አሳደግኩ። ዓረፍተ ነገር ሰበርኩ። እዚህ ላይ እግረ መንገዴን የተማርኩት አለ። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ስትከፍሉት የተዋናዩ ፊት ቀድሞ ይለወጥና ምክንያቱ ሁለተኛው ጽሑፍ ላይ ይመጣል። ተመልካቹ ሰውዬው ለምን እንደደነገጠ ሳያውቅ ይደነግጣል። መፍትሔው አጭር አጭር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ግስ ለብቻው አይንጠልጠል።

ብቻ አሳምሬ ጨረስኩ። እንደገና ጠራኋት። አሁን አሥራ አምስት ደቂቃ እንኳን አልቆየችም። «ዓይኔን አመመኝ» አለች።

ለእህቴ ደውዬ ተማረርኩ። ይህን ሁሉ ደክሜ፣ አልኳት፣ ሴትየዋ ዓይኔን ትለኛለች። እህቴ ዝም አለች። ከዚያ «ማጊን ማን ብለህ ነው የጻፍካት?» አለችኝ። ነገርኳት።

«አንተ ልጅ አብደሃል?»

እኛ ልጆች ሆነን እማዬ ከቡልጋ መጥታ አዲስ አበባ «አክስቷ ቤት» አደገች ሲባል ነው የምናውቀው። አክስት አልነበረችም። የአንድ ሹም ቤት ነው። በ11 ዓመቷ ገብታ ስምንት ዓመት እዚያ ጓዳ ውስጥ ሠርታለች። ለእህቴ የነገረቻት አራስ ሳለች፣ ገንፎ እያገነፋችላት ነው። ለእኔ አልነገረችኝም። ወንድ ልጅ ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም። እኔ ግን 137 ጊዜ፣ በትልቅ ፊደል፣ ቀስ ብሎ እንዲነበብ አድርጌ ጻፍኩላት።

ከዚህ በኋላ ለሁለት ሳምንት ፋይሉን አልከፈትኩትም። አሁንም የሚያናድደኝ ቃሉ ብቻ አይደለም። ተነስታ ስትሄድ «ምን ሆንሽ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። እኔ ሰዓቷን አስተካከልኩ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አላስጨረሰችኝም። ቡና እየቆላች ነበር። «ከእመቤት ጋር የምትውል፣ ፀጉር የምትሠራ፣ የምታለብስ፣ ደንገጡር ናት የምትባለው» አለች። «ስም እያላት።» ደንገጡር! መዝገበ ቃላት ውስጥ አይቼው የማውቀው ቃል ነው። የማጊ ሥራ ደግሞ ልክ ይሄ ነው፤ የቀዳማዊት እመቤቶቹን ፀጉር ይሠሩ ነበር።

ወረቀት ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትርጉሙ የተሠራው ያኔ ነው። ማዕድ የሚያቀርበው ባለ ነጭ ጓንት አሳላፊ ነው። በር ላይ የሚቆሙት በረኛ ናቸው። ሚስስ ጃፍሬ፣ ታፍቶቹ ቤቱን እንዲያስተዳድሩ የቀጠሯቸው ሴት፣ አዛዥ ተባሉ። አይክ ሁቨር እልፍኝ አስከልካይ ሆኑ፤ ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ማን ይግባ፣ ማን ይቆይ የሚሉት እሳቸው ናቸውና። (ሰውየው በ1891 መብራት ሊዘረጉ የመጡ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። የቤቱ ባለቤቶች ማብሪያ ማጥፊያውን መንካት ስለፈሩ ሰውየው እዚያው ቀሩ፣ ከ40 ዓመት በላይ። እማዬ ይሄን ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ነው የሳቀችው።)

ቀጥሎ አንተና አንቱ መጣ። እንግሊዝኛ በአንድ «ዩ» ሁሉንም ይገላገላል። እኛ እያንዳንዱ ግስ ላይ ማን ማንን እንደሚያከብር መፈረም አለብን። እኔ ሠራተኞቹ ስለ ፕሬዚዳንቱ ሲያወሩ ሁልጊዜ «ተነሥተዋል»፣ «በልተዋል» አስብያቸው ነበር። እማዬ አንገቷን ነቀነቀች። «ጓዳ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚያወራ ማን አለ? ሰውዬው ተነሳ? ነው የሚባለው። በሩ ሲከፈት ነው ተነሥተዋል የሚባለው።» ስለዚህ ምድር ቤት «ሰውዬው»፣ ደረጃውን ሲወጡ «ክቡርነታቸው» አደረግኩት። በሩ ላይ ግሱ ይቀየራል። እንግሊዝኛው ላይ ይሄ የለም። ስለራሴ መናገር ባልወድም የእኛው ይበልጣል።

አንድ ቦታ ብቻ ተጨቃጨቅን። ኤሊኖር ሩዝቬልት ማጊን «አንቱ» ይበሏቸው አለች። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሚስት ሠራተኛዋን? አይሆንም አልኩ። «ማጊ አሁን አሮጊት ናት። ደግሞ ፊቷን አታይም?» አለች። ድምፁን አጥፍታ ፊታቸውን ብቻ እያየች ስምንቱንም ፕሬዚዳንቶችና ሚስቶቻቸውን «ይሄ አንቺ ባይ ነው፣ ይቺ አንቱ ትላለች» እያለች ፈረደች። እንዳለችው ጻፍኩ። ትርጉም አስተማሪዎች ከተዋናዩ አፍ ተርጉም ይላሉ። እኔ ከፊቱም ጭምር እላለሁ።

እዚህ ላይ ቢበቃኝ ጥሩ ነበር። ለአዛውንቶች ላሳይ ብዬ አንድ ማኅበር አዳራሽ ጠየቅኩ። ደብዳቤ አምጣ አሉኝ፤ አመጣሁ። ሌላ ደብዳቤ አሉኝ። በመጨረሻ ኃላፊው «ስለ ቤት ሠራተኛ አይተው ምን ሊጠቀሙ ነው? ስለ ነገሥታት የለህም?» አለኝ። የባለመብቱን ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ አፌን ይዘጋው ነበር፤ አልነበረኝም፣ ለሕዝብ ማሳየት ፈቃድ ይጠይቃል። እሱ ግን ያን አልጠየቀም።

ቤቴ አሳየሁ። የእማዬ የጽዋ ጓደኞች አምስት ሆነው መጡ። ሁለቱ ቤይሩት፣ አንዷ ጅዳ ሰው ቤት የሠሩ ናቸው። ዝም ብለው ያያሉ ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ ዘጠኝ ሰዓቱ አራት እሑድ ፈጀ። የፕሬዚዳንት ሁቨር ዘመን ላይ ደረስን (እልፍኝ አስከልካዩ አይክ አይደሉም፣ ሌላ ሁቨር ናቸው)። ሊሊያን እንደሚያስታውሱት ፕሬዚዳንቱና ባለቤታቸው በኮሪደሩ ሲያልፉ ሠራተኛ ማየት አይፈልጉም ነበር። ደወሉ ሲሰማ ሁሉም ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል። ቤይሩት የነበሩት አንዷ «እኔ በረንዳ ነበር የምወጣው። በክረምት» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። እማዬ ተነስታ ሁለተኛውን ቡና ቀዳችላቸው።

አይዘንሃወር ላይ ስንደርስ «ጃንሆይ የሄዱት እሳቸው ጋ ነው?» አለች። ነው፣ በ1954። ሊሊያንም ያኔ እዚያው ነበሩ። «ታዲያ የማዕዱን ጨርቅ የሰፋችው እሷ ትሆናለቻ!» ይሆናል አልኳት።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ፋይሉን ለመጨረሻ ጊዜ ላርም ተቀመጥኩ። «ገረድ» የሚለውን ፈልጌ ሁሉንም ላጠፋ ስል እማዬ መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ መጣች። አንድ በአንድ አየናቸው። አራት ቦታ ላይ እጄን ያዘችኝ። ድራማው ውስጥ አዛዧ የሚቆጡባቸው ቦታዎች ናቸው።

«እነዚህን ተዋቸው» አለች። «እሷ ትለዋለች።»