የአርመኖቹ ቅዳሜ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ብዙዎቻችሁ አሁን ሽንኩርት እያቁላላችሁ እንደሆነ ስለማውቅ አላስረዝምም።

እዚህ ሎስ አንጀለስ አርመን ጎረቤቶቼ ቀድመውናል። ገናቸው እንደ ፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 አይደለም። ጃንዋሪ 6፣ በእኛ ዋዜማ ነው። ልደትንና ጥምቀትን በአንድ ቀን ያከብራሉ። ከቅዳሴው በኋላ ካህኑ መስቀሉን ውኃ ውስጥ ነክረው ይባርካሉ። ከምእመናኑ አንዱ የመስቀሉ ክርስትና አባት ይሆናል። ሕዝቡም ከውኃው እየቀዳ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ኢየሩሳሌም ያሉት ደግሞ በጥንቱ አቆጣጠር ስለሚሄዱ፣ በዓላቸው ጥር 11 ከእኛ ጥምቀት ጋር ይገጥማል።

ዝምድናችን በዚህ አያበቃም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ እ.ኤ.አ. በ1915 በኦቶማን ቱርክ ከጀመረው የአርመኖች የዘር ማጥፋት የተረፉ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። ወላጅ የላቸውም። 40ውን አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነሱ ናቸው። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ሠሩልን። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን ደግሞ ስንቱን ሙዚቀኛ አስተማሩ! አርመኖቹ አማርኛውን አቀላጥፈው እየተናገሩ፣ አዲስ አበባ ላይ ቤተ ክርስቲያናቸውን ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ ትምህርት ቤታቸውንና ክበባቸውን አቆሙ። ደርግ ሲመጣ ብዙዎቹ እንደገና ተሰደዱ።

ትናንት አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ አኑሻቡር ይዘውልኝ መጡ። የተቀቀለ ስንዴ ነው፤ በደረቅ አፕሪኮት ይጣፍጣል። ከላዩ ለውዝና የሮማን ፍሬ በወግ በወጉ ደርድረውበታል። «እማማ፣ እኔ እኮ ጾም ላይ ነኝ» ስላቸው ሳቁብኝ። ለካ ወተትም ቅቤም የለበትም። ቆሜ ጨረስኩት።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ እነዚህን ሰዎች ያቆያቸው አኑሻቡር አይደለም። ቅዳሜ ነው። የእማማ የልጅ ልጅ፣ ጓደኞቹ ኳስ ሲጫወቱ እሱ 38ቱን የአርመን ፊደል ሊማር ይጎተታል። እያለቀሰ የሚሄድበት ቀን አለ። ክፍያ አለው፣ ማመላለስ አለው፣ ጭቅጭቅ አለው። ማንም ፎቶ አንስቶ አይለጥፈውም።

ሥራው ደግሞ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የአርመኖች አጠቃላይ በጎ አድራጎት ማኅበር ካይሮ ላይ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው፤ ከዘር ማጥፋቱ 9 ዓመት በፊት። መከራው ሲወርድ ቢያንስ የተደራጀ ሰው ነበራቸው። ተርፈው ቤይሩት አጠገብ ቡርጅ ሃሙድ በድንኳን የሰፈሩት ደግሞ መንደሮቻቸውን ባጧቸው ከተሞች ስም ጠሩ፦ ኖር ማራሽ፣ ኖር አዳና፣ ኖር ሲስ። አዲስ ማራሽ፣ አዲስ አዳና፣ አዲስ ሲስ ማለት ነው። ከድንኳኑ ብዙም ሳይርቅ ትምህርት ቤት ተከተለ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ፣ ስደተኞቹ ይዘውት የወጡትን ምዕራብ አርመንኛን ዩኔስኮ አደጋ ላይ ካሉ ቋንቋዎች መድቦታል። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ይህን ያህል የደከሙት እንዲህ ከሆኑ፣ እኛስ?

እኛ በሬስቶራንት ማንም አይችለንም። ፌርፋክስ መንገድ ላይ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚባል ሰፈር በይፋ ካስሰየምን ከ20 ዓመት በላይ ሆነን። ኩራት ነው፣ አልክድም። ግን ልጆቻችን እዚያ ገብተው «ጥብስ» ይሉና የቀረውን በእንግሊዝኛ ያዝዛሉ። ለበዓል የሐበሻ ልብስ አልብሰን ፎቶ እናነሳቸዋለን፤ በነጋታው ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ እንቆጣቸዋለን። (በአማርኛ መቆጣት ራሱ እኮ ትምህርት ነው!) ሥራ ይበዛብናል፣ ሁለት ፈረቃ የሚገባ ወላጅ አለ፣ አውቃለሁ። የአርመኖቹ ወላጆችም ሥራ ፈት አልነበሩም።

እናም ከጥምቀት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ፊደል ማስተማር ልንጀምር ነው። አስተማሪ አግኝተናል። የጎደለን ልጆቹን በመኪና የሚያመላልስ ሰውና ነጭ ሰሌዳ ነው። የምትችሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ልጃችሁ አልሄድም ብሎ ካለቀሰም ይዛችሁት ኑ፤ ቡና አለ።

መልካም ገና!