ክትባቱ ያልተስማማኝ ዕለት

ነርስ ነኝ፤ የምኖረውም የምሠራውም አሜሪካ ነው። የኮቪድ ክትባት እንደወጣ ወስደው በከባድ አለርጂ ከወደቁት ጥቂት ሰዎች አንዷ ነኝ። እስከ ዛሬ ሳልጽፈው የቆየሁት ወሬው ከእኔ አፍ ሳይወጣ ብዙ ቤት ደርሶ፣ በየቤቱ ሌላ መልክ ይዞ ስለነበር ነው። ነገሩ እስኪበርድ ጠበቅሁ። አሁንም ግን እናት አባታቸውን ሊያስከትቡ የሚወስዱ ልጆች እየደወሉ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምናገር የሆነውን እንዳለ ላስቀምጠው።

ጊዜው ዲሴምበር 2020 ነው። ያን ዓመት ሆስፒታል ውስጥ የሠራ ሰው ምን እንዳየ ያውቃል። ጠያቂ ስለማይገባ ልጆች አባታቸውን የሚሰናበቱት እኛ በያዝነው ስልክ ነበር። እኔም ቤቴ ስገባ ልጆቼን ሳላቅፍ በቀጥታ ወደ መታጠቢያ እሄድ ነበር። ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ዲሴምበር 11 ቀን ለፋይዘር ክትባት የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ሲሰጥ፣ በ14ኛው ቀን ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ አንዲት ነርስ ስትወጋ በቴሌቪዥን ስናይ ዩኒታችን ውስጥ ያለቀሰ ሰው ነበር። አለርጂ ሊያስነሣ እንደሚችልም ሰምተን ነበር። እንግሊዝ ክትባቱን በጀመረችበት በዲሴምበር 8 ሁለት የጤና ሠራተኞች፣ በሳምንቱ ደግሞ አላስካ ውስጥ አንዲት የጤና ባለሙያ ታመው በሕክምና ተርፈዋል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ሳላመነታ የተመዘገብኩት። ዛሬም ያን ውሳኔዬን አልቆጭበትም።

ፎርሙ ላይ የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ። ተማሪ ሳለሁ የዋጥኩት አንቲባዮቲክ ቆዳዬን ሽፍ አድርጎብኝ ያውቃል፤ እሱንም ጻፍኩ። በመርፌ የተሰጠው መድኃኒት ወይም ሌላ ክትባት ወዲያው ያሳመመው ሰው፣ በማንኛውም ምክንያት አናፊላክሲስ (ሕይወት የሚያሰጋ ከባድ አለርጂ) ይዞት የሚያውቅም ሰው 30 ደቂቃ እንዲቆይ ይደረግ ነበር፤ ሌላው 15 ደቂቃ። እኔ የ15 ደቂቃው ደረሰኝ። ሰዓቱን የጻፉበትን ወረቀት ትከሻዬ ላይ ለጥፈው ከሌሎቹ ጋር አስቀመጡኝ።

መጀመሪያ የመጣው ማሳከክ ነው፤ የተወጋሁበት ክንድ ሳይሆን መዳፌን ነበር የሚያሳክከኝ። ሁለቱም መዳፎቼ፣ ወዲያው ደግሞ ውስጥ እግሬ። ቀጥሎ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር የተቀመጠ ያህል ተሰማኝ፤ እህ እህ እያልኩ ልጠርግ ብሞክር አልሄድ አለኝ። ከጎኔ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዬ ስታነጋግረኝ ስመልስላት ድምፄ ጎርንኖ ወጣ። ያኔ እጄን አነሣሁ።

የመጣችው ተቆጣጣሪ አየችኝና «አይዞሽ፣ ጭንቀት ነው፤ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» አለችኝ። ልቤ እንደሚመታ ነገርኳት፤ «ጭንቀት እንደዚያ ያደርጋል» አለች። እውነቷን ነው፣ ጭንቀት ልብ ያስመታል፣ ትንፋሽም ያሳጥራል። መዳፍና ውስጥ እግር የሚያሳክክ፣ ድምፅ የሚያጎረንን ጭንቀት ግን አላውቅም። «ቆዳሽ ላይ ምንም አላይም» አለች ደግሞ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በኛ መልክ ላለ ሰው ሁሉ የሚሆን ነገር ነው። አብዛኛው የሕክምና መጽሐፍ የአለርጂ ሽፍታን የሚያሳየው ነጭ ቆዳ ላይ ነው፤ ቀይ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ያ ቅላት ብዙ ጊዜ አይታይም። የቆዳው ቀለም ሳይለወጥ ያባብጣል እንጂ። ስለዚህ በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ መፈለግ አለበት፤ ከንፈርን፣ የዓይን ቆብን፣ መዳፍን ማየት ያስፈልጋል። እጇን ይዤ ክንዴ ላይ አስቀመጥኩትና «ዳብሺው» አልኳት። ጣቶቿ እብጠቶቹ ላይ ሲሄዱ ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም፤ ሮጠች።

ይዛ የተመለሰችው ግን ቤናድሪል ነበር፤ ክኒን ከውኃ ጋር። ብዙ ሰው፣ ባለሙያውም ጭምር፣ አለርጂ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት እሱ ነው። ቤናድሪል ማሳከክን ያስታግሣል። የሚዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፣ የወረደ የደም ግፊትም አይመልስም፤ ክኒኑ እስኪሠራ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ለአናፊላክሲስ የመጀመሪያው መድኃኒት ኤፒንፍሪን ነው፤ አድሬናሊን የምንለው። የሚሰጠውም ጭን ላይ፣ በውጪው ጎን በኩል፣ ጡንቻ ውስጥ ነው። «ኤፒ! ጭኔ ላይ!» ያልኩት ለእኔም በማይሰማ ድምፅ ነበር። ባልደረባዬ ግን ሰማችኝ። የደም ግፊቴን ስትለካ ላይኛው ቁጥር 78 ነበር።

ወለሉ ላይ አስተኙኝ፤ እግሬን ከፍ አደረጉልኝ። አንዱ «ተነሺና ዊልቸር ላይ ተቀመጪ» ሲል ባልደረባዬ ጮኸችበት። ልክ ነበረች። የደም ግፊቱ የወረደ ሰው በድንገት ሲነሣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያንሳል፤ በአናፊላክሲስ መሐል ቀጥ ብለው በመቆማቸው የሞቱ ሰዎች አሉ። የሚተኛ ሰው መተንፈስ ካቃተው እግሩን ዘርግቶ ከወገቡ ቀና ይደረግ፤ እንዲቆም ወይም እንዲራመድ ግን አይደረግም።

መርፌው የገባው በሱሪዬ ላይ ነው። ኤፒፔን የሚባለው የተዘጋጀ መርፌ በልብስ ላይ እንዲወጋ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ለአዋቂ 0.3 ሚሊግራም ነው። መወጋቱ ብዙም አልተሰማኝም። ከዚያ ልቤ ደረቴን ጥሶ የሚወጣ እስኪመስለኝ መታ፤ እጆቼ ተንቀጠቀጡ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ አየሩ ገባልኝ። ሙሉ ትንፋሽ ስቤ ሳወጣ የሰማሁትን የራሴን ድምፅ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ለስንት በሽተኛ ይህን መድኃኒት ሰጥቻለሁ፤ ከወዲያ በኩል ምን እንደሚመስል ግን ያን ቀን አወቅሁ።

ድንገተኛ ክፍል ወሰዱኝ፤ ኦክስጅን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ እንደገናም ኤፒንፍሪን። ትሪፕቴዝ ለሚባል ምርመራም ደም ቀዱልኝ። አለርጂ ሲነሣ ሰውነት ውስጥ የሚለቀቅ ነገር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካልተቀዳ ያመልጣል። በኋላ የአለርጂ ሐኪሟ ጋ ስሄድ «ጭንቀት ይሆናል» የሚለውን ወሬ የዘጋው ይኸው ውጤት ነው፤ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ደህና ነኝ ብዬ ቶሎ ልውጣ ብልም አልለቀቁኝም። አንዳንዴ ከተሻለ በኋላ መድኃኒቱ ሲያልቅ ሕመሙ ዳግም ይነሣልና ሰዓታት ያቆያሉ።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ያለው ነው የከበደኝ። ማን እንዳወራ አላውቅም፤ ብቻ ገና አልጋ ላይ ሳለሁ የቫይበር ግሩፖቻችን ውስጥ «አንዲት ሐበሻ ነርስ ክትባቱን ወስዳ ሞተች» የሚል የድምፅ መልእክት ይዞር ነበር። በዚያው ሰሞን ቴነሲ ውስጥ አንዲት ነርስ ከተከተበች በኋላ ካሜራ ፊት ራሷን ስታ ወድቃ፣ ነቅታ ደህና ነኝ እያለች እንኳ ሞታለች ተብሎ በየአገሩ ተወርቷል። የእሷና የእኔ አንድ አይደለም። እሷ ሕመም ሲሰማት ራሷን የመሳት ጠባይ እንዳላት ራሷ ተናግራለች። እንደዚያ ያለው ሰው ይገረጣል፣ ያልበዋል፣ የልብ ምቱ ይቀንሳል፤ ሲያስተኙት ቶሎ ይመለሳል። አናፊላክሲስ ግን ልብን ያፈጥናል፣ ቆዳን ያሳክካል፣ ትንፋሽን ይይዛል፤ ማስተኛት ብቻውን አያድንም። በወሬው ውስጥ ሁለታችንም አንድ ሬሳ ሆንን።

እናቴ ከሦስተኛ ሰው ሰማች። ስደውልላት ስሜን ጠርታ ዝም አለች፤ ከዚያ «ልጄ፣ ዝም ብለሽ አውሪኝ፣ ድምፅሽን ልስማው» አለችኝ። ስለ ምንም ነገር አወራኋት። ርቆ የሚኖር ልጅ ታመመ ሲባል እዚያ ማዶ ያለ ሰው የሚያምነው ድምፅን ብቻ ነው፤ ድምፄ ደግሞ ገና እንደጎረነነ ነበር።

በማግስቱ እኔም የድምፅ መልእክት ቀርጬ ላክሁ። የሐኪም ቋንቋ አልተጠቀምኩም። «አዎ ታምሜአለሁ፤ ያሳመመኝም ክትባቱ ነው። አልሞትኩም። መድኃኒት አለው፤ ክፍሉ ውስጥ ስለነበር ተርፌአለሁ» አልኩ። ሁለቱም ወገን አልወደደልኝም። አንዳንዱ «ሰው ታስፈሪያለሽ፣ ምነው ዝም ብትዪ» አለኝ። ሌላው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ቆርጦ አዞረው። የሥራ ባልደረቦቼም መሐል ባላወራ የሚመርጡ ነበሩ። እኔ ግን የተደበቀ እውነት ሲወጣ ከሐሰት የባሰ እምነት ያሳጣል ብዬ አምናለሁ። ነርስ ታማ ደበቀች ከተባለ በኋላ ማን ነርስ ያምናል?

ቁጥሩንም ነገርኳቸው። ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) በጃንዋሪ 2021 ባወጣው ሪፖርት ከዲሴምበር 14 እስከ 23 ከተሰጡት 1,893,360 የመጀመሪያ የፋይዘር መርፌዎች ውስጥ 21 ሰው ላይ አናፊላክሲስ ተገኝቷል፤ ከሚሊዮን 11 ያህል ማለት ነው። 15ቱን የያዛቸው በ15 ደቂቃ ውስጥ ነው። 17ቱ ከዚያ በፊት የሆነ አለርጂ ነበራቸው፤ 19ኙ ሴቶች ናቸው። በኋላ የደረሱበት የታወቀው 20ዎቹ ድነዋል ወይም ቤታቸው ገብተዋል። በኮቪድ የሞቱትን በየሺፍቱ ስናይ ለነበርን ሰዎች ይህ ቁጥር የሚናገረው ግልጽ ነው። ለእኔ ደግሞ አሥራ አምስቱ ደቂቃ ለምን እንዳለ ይነግረኛል።

የራሴንም ጉዳይ ቬርስ ለሚባለው ከ1990 ጀምሮ ላለው የክትባት ጉዳት መመዝገቢያ ራሴ ሪፖርት አድርጌአለሁ። ማንም ሰው፣ ታማሚውም ቤተሰቡም፣ ማድረግ ይችላል። እዚያ የተመዘገበ ሁሉ በክትባቱ የመጣ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ሐኪሞች አጣርተው የሚለዩበት የመጀመሪያ ወረቀት ነው።

ሁለተኛው መርፌ ሌላ ታሪክ ነው። በጊዜው የነበረው መመሪያ እንደኔ የሆነ ሰው ሁለተኛውን እንዳይወስድ ነበር። የአለርጂ ሐኪሟ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የሚባለውን፣ ክትባቱ ውስጥ የሚገኘውን፣ ከኮሎኖስኮፒ (ከአንጀት ምርመራ) በፊት በሚጠጣው መድኃኒት ውስጥም ያለውን ነገር በቆዳ ምርመራ ሞክራብኝ ነበር፤ ምንም አላሳየም። ጁላይ 2021 ላይ አንድ ጥናት ወጣ። በመጀመሪያው መርፌ አለርጂ ያሳዩ 159 ሰዎች ሁለተኛውን ወስደው ሁሉም ችለውታል፤ ከመካከላቸው 19ኙ የመጀመሪያው አናፊላክሲስ ያስነሣባቸው ነበሩ። ከሐኪሟ ጋር ተነጋግረን፣ እሷው ክሊኒክ ውስጥ፣ ቬን ተከፍቶልኝ፣ ኤፒንፍሪኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ወሰድኩ። ባለቤቴ አብሮኝ ነበር፤ ዓይኑን ከእጆቼ ላይ አላነሣም። ትንሽ አሳከከኝና ተወኝ። እንደኔ የሆነ ሰው ግን ይህን ከአለርጂ ሐኪም ጋር ካልሆነ በፋርማሲ ወረፋ ላይ አይሞክረው።

አሁን ክትባት በምንሰጥባቸው ቀናት ወንበሮቹ በኩል መቆም እመርጣለሁ። የኛ ሰዎች ሲመጡ በተለይ እቀርባለሁ። አንድ ትልቅ ሰው «እንዴት ነዎት፣ ደህና ነዎት?» ተብለው ቢጠየቁ የሚመልሱት አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉሮሯቸው እየተዘጋም ቢሆን እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ። ስለዚህ ደህና ነዎት ብዬ አልጠይቅም። «እማማ፣ መዳፍዎን ያሳክክዎታል? ውስጥ እግርዎንስ? እስኪ ምራቅዎን ይዋጡልኝ። እስኪ ስምዎን ይንገሩኝ» እላለሁ፤ ድምፃቸውን ለመስማት። እጄንም ክንዳቸው ላይ አሳርፋለሁ።

እኔ በሌለሁበት ለምትወስዷቸው ደግሞ፦ ልጅ መኪና ውስጥ ጠብቆ እናቱን ብቻዋን አያስገባ። ከዚህ በፊት ያልተስማማቸው መድኃኒት ካለ ስሙንና ምን እንዳደረጋቸው ጽፋችሁ ያዙላቸው፤ «አንዴ አሞኝ ነበር» ብቻ ለከታቢው ባለሙያ ምንም አይነግረውም። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ በስልክም ቢሆን አማርኛ ተናጋሪ ጠይቁ። ሰዓቱ ሳይሞላ «እንሂድ፣ ደህና ነኝ» ቢሏችሁ አትሂዱ። ከመርፌው በኋላ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ካዞራቸው ወዲያው ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ቤት ከገባችሁ በኋላም ቢሆን 911 ደውሉ እንጂ ራሳችሁ መኪና አትንዱ። ክኒን ይዘውላችሁ ከመጡም ኤፒንፍሪን የሚለውን ቃል ተናገሩ።