ጥቅምትን በባሌ ተራራ፣ ከነእማዬ

ልጆቹ ክረምቱን ሙሉ «ካምፒንግ ውሰዱን» ሲሉ ከረሙ። ዝናቡን ሰበብ እያደረግኩ ገፋሁት። ጥቅምት ሲገባ ግን ሰማዩ ጠራ፣ መንገዱ ደረቀ፣ ሰበቤም አለቀ። አርብን ከሥራ አስፈቀድኩ። ያልጠበቅኩት የእማዬን ነገር ነው። «የምናድረው ድንኳን ውስጥ ነው እኮ» ስላት መልስ እንኳ አልሰጠችኝም፤ ጋቢዎቿን አጣጥፋ በር ላይ ቆመች።

በአሰላ በኩል ሄድን። በሻሸመኔም ይቻላል፣ ግን በዚህ ወቅት የአርሲን ስንዴና ገብስ ሳያዩ ማለፍ ግፍ ነው። በቆጂ ላይ ለቡና ወረድን። ልጄ የደራርቱና የቀነኒሳ አገር መሆኑን ሲሰማ ከመኪናው እስከ ካፌው በሩጫ ሄደ። ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ዲንሾ የደረስነው ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያው ነው፣ ድንኳን የሚተከለውም በጽድና በኮሶ ዛፎች መሃል። እማዬ ገና ከመኪና ስትወርድ ዓይኗ ኮሶው ላይ አረፈ። «ይሄ ዛፍ ስንቱን አሠቃይቷል!» አለች። ልጆቹ ኮሶ መጠጣት ምን እንደሆነ አያውቁም። እሷ ደግሞ ስለ ምሬቱም፣ ስለ ትሉም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ያውም እራት ሊቀርብ ሲል።

እራቱም ቢሆን የዋዛ አልነበረም። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ይንተከተካል እንጂ ማብሰሉ ላይ ሰነፍ ነው። ድንቹ ቡታጋዙን ጨርሶ ሊጨርሰው ነበር። ያዳነን ሽሮ ነው፤ ሽሮና እማዬ ቤት ቀቅላ በሳህን ይዛው የመጣችው ሥጋ። «በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ለዚህ ቀን ነው» አለች። እውነቷን ነው። ሌሊት ብርዱ ከስር፣ ከመሬቱ ነው የሚመጣው። ካምፒንግ የምታስቡ፣ ከላይ ከምትደርቡት ይልቅ ለምታነጥፉት ተጨነቁ።

ጠዋት እማዬ «ተነስ፣ ውጪ ሰው አለ» ብላ ቀሰቀሰችኝ። ዚፑን ከፍቼ ብቅ ስል ሰው አይደለም፣ የደጋ አጋዘን ነው። ቀንዱ የተጠማዘዘ ትልቅ ወንድ፣ ውርጭ የመታውን ሣር እየጋጠ። አሥር ሳንቲም ላይ ያለው እሱ ነው ብዬ ለልጆቹ ነገርኳቸው። እነሱ ግን ሳንቲሙን ራሱን አያውቁትም! የሚገርመው፣ ይሄን የሚያህል እንስሳ በሳይንስ ስም ያገኘው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። የአካባቢው ሰው ግን ስንት ዘመን አብሮት ኖሯል።

ከዚያ በጎባ በኩል ወደ ሳነቲ ወጣን። መኪና መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይሄዳል፣ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። ጅብራው እዚህም እዚያም ብቻውን ቆሟል፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። እኔ የመጣሁት ለቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ እዚሁ ባሌ። አስጎብኛችን እንደነገረን ትልቁ ጠላታቸው ከመንደር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ለዚህም ውሾቹ ይከተባሉ።

ሴት ልጄ ግን ስለ ቀበሮው ግድ አልሰጣትም። አንድ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጣ አልነሳም አለች። ቆይቶ ፍልፈል ብቅ አለ። ባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል፣ ዓይኖቹ አናቱ ላይ የተለጠፉ የሚመስሉት። መጀመሪያ ጭንቅላቱን አወጣ። ዙሪያውን ቃኘ። ቀጥሎ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ሣሩን እየነቀለ አፉ ውስጥ አጨቀና፣ ሳይዞር፣ በቂጡ ተመልሶ ገባ። አንዲት ትንሽ ወፍ አጠገቡ ትንጦለጦላለች፤ አደጋ ስታይ ትጮሃለች፣ እሱም ይሰወራል። ልጆች ሳይጨቃጨቁ ይሄን ያህል ዝም ብለው ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። ቀበሮውም የመጣው እኛ ዝም ስላልን ይመስለኛል። ከወዲያኛው ቁልቁለት ጆሮውን ቀጥ አድርጎ፣ እየተሳበ፣ ወደ ሌላ ጉድጓድ ተጠጋ። ዘሎ አረፈ። ሳተው። ልጄ በፍልፈሉ ማምለጥ አጨበጨበች፣ ወንድሟ በቀበሮው መራብ ተናደደ፣ ጭቅጭቁም እንደ አዲስ ጀመረ።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ዜናውን ሰምቼ አልፌው ነበር። በቦታው ሲቆሙ ሌላ ነው። ከሳነቲ በደቡብ በኩል ትንሽ እንደወረዱ ያ ሁሉ ራቁት ሜዳ አልቆ የሐረና ጫካ ይጀምራል። ሪራ መንደር አጠገብ ቀርከሃው ጥቅጥቅ ብሏል፣ ከዚያ በታች ቡናው በራሱ የበቀለ ነው። ማር ገዛን። አስጎብኛችን ጫካው ውስጥ አንበሳ እንዳለ ሲነግረን እማዬ ቶሎ ብላ መስኮቱን ዘጋች።

እሁድ የመልስ ጉዞው ረጅም ነበር፣ ልጆቹ ተኙ፣ እኔ ወገቤን አመመኝ። ሰኞ ማታ እማዬ ጎረቤቶቿን ቡና ጠርታ ስታወራ ከጓዳ ሆኜ ሰማኋት። «አንበሳ ያለበት ጫካ ነው ያደርነው» ትላለች። ከዲንሾ እስከ ሐረና ስንት ሰዓት መንገድ እንደሆነ ልነግራቸው ብዬ ተውኩት። ለጥር የት እንደምንሄድ ደግሞ ጠይቃኛለች።